ራስኮልኒኮቭን ስታነቡ ሳንቲሙን ተከተሉ

የሩሲያዊውን ደራሲ የዶስቶየቭስኪን ልቦለድ «ወንጀልና ቅጣት»ን የሚጀምር አንባቢ ብዙ ጊዜ ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስለዋል። ሰውዬው ይገድላል፣ ደሙ አላስቀምጥ ይለዋል፣ በመጨረሻ ተጸጽቶ እጁን ይሰጣል። ከቃየል ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው መንገድ ስለሆነ እንዲህ ብንጠብቅ አይገርምም። መጽሐፉ ግን በዚያ መንገድ አይሄድም። ራስኮልኒኮቭ በስድስተኛው ክፍል፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ እህቱ ዱንያ «ደም አፍስሰሃል እኮ» ብትለው በቁጣ ይነሳባታል። የገደልኩት ለማንም የማትጠቅም፣ የድሃ ደም የምትመጥ ተባይ ናት፤ ይኼ ምኑ ወንጀል ነው? ይላታል። እጄን የምሰጠውም ደካማና የማልረባ ስለሆንኩ ነው ባይ ነው። ጸጸት ፍለጋ ይህን ሁሉ ገጽ የተጓዘ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ወይ ደራሲውን ይጠራጠራል፣ ወይ ምዕራፉን እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል።

ከዚህ በታች የማስቀምጠው መጽሐፉን ደጋግሜ ሳነብና ከሌሎች ጋር ስወያይበት የሠራልኝን የአነባበብ ዘዴ ነው። ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ስለሚነካ፣ ገና ያልጀመራችሁት ይህን አውቃችሁ ቀጥሉ።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በራስኮልኒኮቭ ውስጥ ያለው ትግል ከግድያው በኋላ የመጣ የኅሊና ወቀሳ አይደለም። መጥረቢያውን ከማንሳቱ በፊትም ነበረ። አንደኛው ወገን ሳያስብ የሚሰጥ፣ ሳያስብ የሚያዝን እጁ ነው። ሌላኛው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሒሳብ ይዞ የሚመጣ አእምሮው ነው። ግድያው አእምሮው እጁን በጉልበት ያዘዘበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «መቼ ይጸጸታል?» እያሉ ከመጠበቅ «አሁን ምን ሰጠ? ከሰጠ በኋላስ ምን አሰበ?» ብሎ መከታተል ይበልጥ ያዋጣል።

መጀመሪያ ግን ስለ አንዳንድ ተራ እንቅፋቶች።

ስሞቹ ብዙ አንባቢ ያባርራሉ። ለእኛ ግን ሊከብዱ አይገባም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። ሮድዮን ሮማኖቪች ማለት የሮማን ልጅ ሮድዮን ነው፤ እህቱም አቭዶትያ ሮማኖቭና የሆነችው ከአንድ አባት ስለተወለዱ ነው። እናቱ «ሮድያ»፣ እህቱን «ዱንያ» ትላለች። በመጽሐፉ የኋላ ገጽ ላይ የአሥር ሰው ስም ከቁልምጫው ጋር ጻፉ፣ ከዚያ በኋላ አያስቸግራችሁም። አንድ ቦታ ብቻ ተጠንቀቁ፦ በሕልሙ ፈረሷን የሚገድለው ገበሬ ሚኮልካ ይባላል፤ ያላጠፋውን ጥፋት የሚናዘዘው ቀለም ቀቢም ሚኮላይ፣ በቁልምጫ ሚኮልካ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ጊዜው ነው። ልቦለዱ ስድስት ክፍልና አንድ ማጠቃለያ አለው። ስድስቱ ክፍሎች በሙሉ የሚፈጸሙት በሐምሌ ወር ሙቀት፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። አንባቢ ሦስት ወር ወስዶ ሲያነበው ራስኮልኒኮቭ ለወራት የተሰቃየ ይመስለዋል። በተቻለ መጠን አንዱን ክፍል በሁለት ወይም በሦስት ቀን ጨርሱ፤ ያ ትኩሳት ለአንባቢውም የሚሰማው እንዲህ ሲነበብ ነው።

በመጨረሻ፣ ማን እንደሚናገር ልብ በሉ። ዶስቶየቭስኪ መጀመሪያ የጻፈው ገዳዩ ራሱ «እኔ» እያለ እንዲተርክ አድርጎ ነበር። በኋላ ያንን ጣለና በሦስተኛ መደብ እንደገና ጀመረ፤ በ1866 «የሩሲያ መልእክተኛ» በተባለው መጽሔት በተከታታይ የወጣው ይኸኛው ነው። የፊተኛው አጻጻፍ ግን ዱካውን ጥሏል። ተራኪው ከራስኮልኒኮቭ ትከሻ አይርቅም፣ የእሱን ሐሳብ የራሱ አስመስሎ ያስቀምጣል። «አሮጊቷ ክፉ ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታገኙ ይህን ያለው ደራሲው ነው ወይስ ራስኮልኒኮቭ ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ራስኮልኒኮቭ ነው።

መዝገቡ

አንድ ወረቀት ሁለት ቦታ ክፈሉ። በግራ በኩል ከእጁ የወጣውን ወይም ወደ እጁ የገባውን ገንዘብ፣ በቀኝ በኩል ወዲያው ተከትሎ ያሰበውን ጻፉ። ሥራው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው መስመር በአራጣ አበዳሪዋ ቤት ይጻፋል። ራስኮልኒኮቭ የአባቱን የብር ሰዓት ይዞ ይሄዳል። አልዮና ኢቫኖቭና ከአንድ ሩብል ከሃምሳ ኮፔክ በላይ አልሰጥም ትለዋለች። ወለዷ ለአንድ ሩብል በወር 10 ኮፔክ ነው፣ የምትቆርጠውም አስቀድማ ነው። ስለዚህ ለሰዓቱ 15 ኮፔክ፣ ቀደም ሲል ለወሰደው ሁለት ሩብል ደግሞ 20 ኮፔክ ትቀንስና 1 ሩብል ከ15 ኮፔክ ትቆጥርለታለች። ይህን ስሌት ብዙ አንባቢ ይዘለዋል፤ አትዝለሉት። በመጀመሪያው ክፍል ስድስተኛ ምዕራፍ አንድ ተማሪ መሸታ ቤት ውስጥ ከአንድ መኮንን ጋር ሲያወራ ራስኮልኒኮቭ እንደሰማው ይነገረናል፦ የአንዲት ክፉ አሮጊት ሞት በመቶ ሰው ሕይወት ቢለወጥ ምን አለበት፣ ተራ ሒሳብ አይደለም ወይ? ይላል ተማሪው። አሮጊቷም ተማሪውም ቀንሰው ደምረው ነው የሚያስቡት። ራስኮልኒኮቭ የአሮጊቷን ሒሳብ ይጠላል፣ በተማሪው ሒሳብ ደግሞ ይገድላታል።

ከአሮጊቷ ቤት ወጥቶ መሸታ ቤት ይገባል፤ እዚያ ሰካራሙን ማርሜላዶቭን ያገኘውና ደግፎ ቤቱ ያደርሰዋል። የተራቡትን ልጆችና በሳምባ ነቀርሳ የምትማቅቀውን ሚስቱን ካትሪና ኢቫኖቭናን ያያል። ሲወጣ፣ ሩብሉን መንዝሮ የተረፈችውን ሳንቲም ማንም ሳያየው መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል። ደረጃው ላይ ሲደርስ ግን ምን ዓይነት ጅል ሥራ ሠራሁ፣ እነሱ ሶንያ (ገላዋን እየሸጠች የምትረዳቸው የማርሜላዶቭ ልጅ) አለቻቸው፣ እኔ ራሴ ቸግሮኝ የለም ወይ? ይላል። ሊመለስና ሊያነሳው ሁሉ ይቃጣዋል። በግራ በኩል ሳንቲሙን፣ በቀኝ በኩል ይህን ጻፉ።

በማግስቱ አንዲት በመጠጥ የተደፈረች ልጅ መንገድ ላይ ስትንገዳገድ፣ አንድ ሽቅርቅር ሰውዬ ሲከተላት ያያል። ፖሊስ ይጠራል፣ በጋሪ ቤቷ እንዲያደርሳት ብሎ 20 ኮፔክ ይሰጠዋል። ፖሊሱ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ራስኮልኒኮቭ ይገለበጣል፦ ተዋት፣ ይጫወትባት፣ አንተን ምን አገባህ! ብሎ ይጮኽበታል። ፖሊሱ ያበደ ሰው መስሎት ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ የባሰ ነው። በየዓመቱ ከሕዝቡ ይህን ያህል መቶኛ በዚህ መንገድ መጥፋት አለበት ይላሉ፤ «መቶኛ» ሲባል እንዴት ያጽናናል ብሎ ያፌዛል። ፌዙ ግን ወዲያው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ዱንያስ ከዚያ መቶኛ ውስጥ ብትገባ? የእናቱ ደብዳቤ ገና ኪሱ ውስጥ ነው። ዱንያ ሉዢን የተባለውን ባለገንዘብ ልታገባ ነው፤ ለወንድሟ ስትል ራሷን እየሸጠች መሆኑን አውቆታል።

ከግድያው በኋላ ያሉት መስመሮች ይለያሉ። ጓደኛው ራዙሚኪን የትርጉም ሥራና 3 ሩብል ቅድሚያ ይሰጠዋል። ሁለቱንም አንስቶ ይወጣና መንገድ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ አንድ ቃል ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ይሄዳል። ያው ዕለት በኒኮላየቭስኪ ድልድይ ላይ የጋሪ ነጂ በጅራፍ ይሞሸልቀዋል። አንዲት የነጋዴ ሚስት ለማኝ መስሏት ስለ ክርስቶስ ብላ 20 ኮፔክ በእጁ ታስይዘዋለች። ወንዙን ትንሽ ካየ በኋላ ሳንቲሙን ውኃ ውስጥ ይወረውራል፤ በዚያች ቅጽበት ከሰው ሁሉ ራሱን በመቀስ የቆረጠ ያህል ይሰማዋል። ከዚህ በፊት መስጠት ይችል ነበር፣ አሁን መቀበል እንኳ አቃተው። በእኔ አስተያየት የቅጣቱ መጀመሪያ ይህ ቦታ ነው። ገና ማንም አልወነጀለውም፣ መርማሪው ፖርፊሪም አልመጣም።

የተዘረፈው ቦርሳስ? አንድም ጊዜ ከፍቶ ሳያይ አንድ ጊቢ ውስጥ ድንጋይ ሥር ይቀብረዋል። ከዚያ በኋላ አልነካውም። ፍርድ ቤት ሲቆጠር 317 ሩብልና ሦስት ባለ ሃያ ኮፔክ ሳንቲም ይገኝበታል። ዳኞቹም እንዴት የዘረፈውን መጠን አያውቅም ብለው ይገረማሉ። «በድህነት ገደለ» ለሚል አንባቢ ይህ መስመር ብቻውን በቂ መልስ ነው።

ማርሜላዶቭ በጋሪ ተረግጦ ሲሞት ግን እጁ እንደገና ይቀድመዋል። እናቱ ተበድራ ከላከችው የተረፈውን ገንዘብ ለካትሪና ኢቫኖቭና አራግፎ ይሰጣል። ትንሿ ፖሌንካ ተከትላው ታቅፈዋለች፤ «ለሮድዮንም ጸልዪ» ይላታል። ወዲያው ሕይወት አለ፣ ሕይወቴ ከአሮጊቷ ጋር አልሞተችም ብሎ ይፈነድቃል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ንስሐ መጀመሪያ ያነበዋል። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ግን ተመልከቱ፤ የሚያድገው ኩራቱ ነው። ለመኖር መብት አገኘሁ እንጂ በደልኩ አላለም። ደግነቱ እንኳ ለሒሳቡ ግብዓት ሆነ።

ማጠቃለያው ውስጥ ደግሞ በችሎቱ የተሰሙ ሌሎች መስመሮች አሉ። ዩኒቨርሲቲ እያለ አንድ ነቀርሳ የያዘው ድሃ ጓደኛውን ግማሽ ዓመት ያህል ከራሱ ቀንሶ ረድቷል፤ ልጁ ሲሞት ሽማግሌ አባቱን ተንከባክቧል፣ በኋላም ቀብሮታል። ሁለት ሕፃናትንም ከእሳት አውጥቶ ራሱ ተቃጥሏል። ዶስቶየቭስኪ ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ደብቆ ማቆየቱ ተንኮል ነው፤ ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ ራስኮልኒኮቭን ገና ከመጀመሪያው ይቅር ብለን እንጨርስ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ። መስጠት ብቻውን ደግነትን አያረጋግጥም፤ ለዚህ ነው ዱንያን የሚያሳድደው ባለርስት ስቪድሪጋይሎቭ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው። ለሶንያ 3,000፣ ለእጮኛው 15,000 ሩብል ይሰጣል፣ የካትሪና ኢቫኖቭናን ወላጅ አልባ ልጆችም ያስቀምጣል። ከራስኮልኒኮቭ ይልቅ ብዙ ሰጥቷል። ግን ሲሰጥ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ከሰጠም በኋላ አይቆጨውም። በቀኝ በኩል የሚጻፍለት ነገር የለም። በደግና በክፉ መካከል ያለው መስመር ለእሱ ጠፍቷል፣ በመጨረሻም ራሱን ይገድላል። ራስኮልኒኮቭ «መስመሩን ተሻግሬ ነጻ እሆናለሁ» ሲል የሚመኘው ቦታ ላይ የቆመው ስቪድሪጋይሎቭ ነው። ሲያየው የሚጸየፈውም የሚስበውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሐሳቡ የት ላይ ይሰበራል

ራስኮልኒኮቭ ከግድያው በፊት ስለ ወንጀለኞች አንድ አስተያየት ነበረው። ወንጀለኛ የሚያዘው ፖሊስ ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን፣ በዚያች ሰዓት አእምሮውና ፈቃዱ እንደ በሽታ ስለሚከዱት ነው ይላል። እኔ ግን የማደርገው ወንጀል አይደለም፣ ስለዚህ አእምሮዬ አይከዳኝም። ይህን ያዙና የግድያውን ምዕራፍ አንብቡ።

በዝግጅት የታማ አይደለም። ከቤቱ ደጃፍ እስከ አሮጊቷ በር 730 እርምጃ እንደሆነ ቆጥሯል። በካፖርቱ ውስጥ በግራ ብብቱ በኩል መጥረቢያ ማንጠልጠያ ሰፍቷል። የሐሰት መያዣ ይሆነው ዘንድ እንጨትና ብረት በወረቀት ጠቅልሎ በክር ጥብቅ አድርጎ አስሯል፤ አሮጊቷ ቋጠሮውን ስትፈታ ጀርባዋን እንድትሰጠው ነው። ቀኑ ሲደርስ ግን እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ሰዓት ያልፍበታል። መጥረቢያ የሚወስድበት ኩሽና ውስጥ ሠራተኛዋ ናስታስያ ተቀምጣለች። ከዘበኛው ክፍል በአጋጣሚ ሌላ ያገኛል። ከገደለ በኋላ በሩን እንኳ አልቆለፈውም፤ የአሮጊቷ እህት ሊዛቬታም በዚያው ገባች፣ እሷንም ገደላት። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን 1,500 ሩብል ጥሬ ገንዘብ ሳያገኘው ቀረ። በራሱ መመዘኛ ስንለካው ያደረገው ወንጀል ነው ማለት ነው፤ በሽታው ይዞታል። ይህን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ክፍል አምስተኛ ምዕራፍ ያለው ሕልም መዘለል የለበትም። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ሲሄድ ሰካራሞች አንዲት ከሲታ ፈረስ ደብድበው ሲገድሉ ያያል፤ ልጁ ሮጦ የሞተችውን ፈረስ ራስ አቅፎ ይስማል። ሲነቃ በላብ ተጠምቋል። ጌታ ሆይ፣ መንገዴን አሳየኝ፣ ይህን የተረገመ ሐሳቤን ትቻለሁ ብሎ ይጸልያል፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው ይቀለዋል። ወደ ቤቱ በቀጥታ በመሄድ ፈንታ ግን ያለ ምንም ምክንያት በድርቆሽ ገበያው በኩል ይዞራል። እዚያም ሊዛቬታ ነገ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤት እንደማትኖር ይሰማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፈቃድ የሌለው፣ ሞት የተፈረደበት ሰው ሆኖ ይሄዳል። የሕልሙን ልጅ እጁ በሉት፣ ከገበያ ሲመለስ ያለውን ሰው አእምሮው።

ስለ «ተራ» እና «ልዩ» ሰዎች የጻፈው ንድፈ ሐሳብ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ በሦስተኛው ክፍል አምስተኛ ምዕራፍ፣ ከመርማሪው ፖርፊሪ ፔትሮቪች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ። ጽሑፉ ከሁለት ወር በፊት በመጽሔት ታትሟል፣ ራስኮልኒኮቭ ግን መታተሙን አላወቀም ነበር። የኒውተን ግኝት ለዓለም እንዳይደርስ አንድ፣ አሥር ወይም መቶ ሰው ቢያግደው፣ ኒውተን እነሱን የማስወገድ መብት እንዲያውም ግዴታ ይኖረው ነበር ይላል። ብዙ አንባቢ ከናፖሊዮን ጋር ይታገላል፤ የምዕራፉን ቁልፍ የያዘው ግን ራዙሚኪን ነው። የሚያስፈራው ደም በኅሊና እንዲፈስ መፍቀድህ ነው፣ ይህ ከመንግሥት ፈቃድ ይልቅ ይከፋል ይለዋል። ራስኮልኒኮቭ ኅሊና የጎደለው ሰው አይደለም። ኅሊናውን ራሱን ለግድያ የቀጠረ ሰው ነው። «ኅሊናው ወቀሰው» የሚለው አነባበብ የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ ወቃሹ ራሱ ተባባሪ ሆኗል።

የንድፈ ሐሳቡ ቀዳዳ ደግሞ ሊዛቬታ ናት። አሮጊቷን «ተባይ» ብሎ ከሒሳቡ ማውጣት ይችላል፤ የዋሂቱን፣ እህቷ የምትደበድባትን፣ ለሰው ሁሉ የምትታዘዘውን ሊዛቬታን በየትኛው ዓምድ ያስገባታል? መልሱ እንዳያስታውሳት ማድረግ ነው። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ራሱ ይገርመዋል፤ ስለ ሊዛቬታ ለምን አላስብም፣ ያልገደልኳት ያህል! ይላል። ስሟ የት የት እንደሚመጣ ምልክት አድርጉ። ሶንያ የአልዓዛርን ትንሣኤ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 የምታነብለት መጽሐፍ ሊዛቬታ ያመጣችላት ነው። ለሶንያ ሲናዘዝላት ፊቷ ላይ የሚያየው የሊዛቬታን ፊት ነው፤ ያንኑ የሕፃን ፍርሃት፣ ያንኑ ለመከላከል የተዘረጋ እጅ። ወደ ጣቢያ ሲሄድም ሶንያ የእንጨት መስቀሏን አንገቱ ላይ ታስርለትና የሊዛቬታን የመዳብ መስቀል ለራሷ ታስቀራለች። ማተብ ለሚያስር አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ምክንያቶቹን አታምኑ

በአምስተኛው ክፍል አራተኛ ምዕራፍ ሶንያ «ለምን?» ስትለው የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። ልዘርፍ ነው ይላል። ርቦህ ነው? እናትህን ልትረዳ ነው? ስትለው፣ ቢርበኝ ኖሮ አሁን ደስተኛ በሆንኩ ነበር ይላል። ናፖሊዮን መሆን ፈለግሁ ይላል። ተመልሶ እናቴንና እህቴን፣ የዩኒቨርሲቲ ወጪዬን ይላል። ወዲያው ይህም ውሸት ነው ይላል፤ ራዙሚኪን እያስጠና ይኖራል፣ እኔም እችል ነበር፣ ግን አኩርፌ እንደ ሸረሪት ጥጌ ውስጥ ተደበቅኩ። በመጨረሻ፣ ለማንም ብዬ አልገደልኩም፣ ለራሴ ነው፤ እንደ ሁሉም ተባይ ነኝ ወይስ ሰው፣ ያንን ለማወቅ ነው ይላል። ከዚያም የገደልኩት ራሴን ነው፣ አሮጊቷን የገደላት ሰይጣን ነው ብሎ ያንንም ያፈርሰዋል።

በውይይት ጊዜ ብዙ የሚባክነው እዚህ ነው። አንዱ «ትክክለኛው የመጨረሻው ነው» ይላል፣ ሌላው ድህነቱን ያነሳል፣ ክርክሩ ይካረራል። የሚሻለው ምክንያቶቹን በቅደም ተከተል ጽፎ እያንዳንዱን የሚያፈርሰው ማን እንደሆነ ማየት ነው። የሚያፈርሰው እሱ ራሱ ነው፣ አንዳንዱን ሶንያ አንድ ቃል ሳትናገር። ሲገድል አንድ ጥርት ያለ ምክንያት አልነበረውም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነበሩ። ንድፈ ሐሳቡም በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው እንደሚጸየፈው ቀደም ብለን አይተናል። በሁለተኛው ክፍል ሉዢን «መጀመሪያ ራስህን ውደድ» የሚለውን አዲስ የኢኮኖሚ ትምህርት ሲሰብክ፣ እስከ መጨረሻው ከሄድክበት ሰው ማረድም ይፈቀዳል ማለት ነው ብሎ ያፈጠጠበት ራስኮልኒኮቭ ነው።

ፖርፊሪን እንደ መርማሪ ፖሊስ ታሪክ የሚያነቡ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ማስረጃ የለውም፤ ሚኮላይ እንዲያውም ተናዞለታል። ሦስቱን ግንኙነቶች የሚያያይዛቸው ራስኮልኒኮቭ እየተሸሸገ መናገር የሚፈልግ መሆኑ ነው። የፖሊስ ጣቢያውን ጸሐፊ ዛምዮቶቭን መሸታ ቤት ውስጥ «አሮጊቷን የገደልኩት እኔ ብሆንስ?» ብሎ ያስደነገጠውም፣ ወደ ግድያው ቤት ተመልሶ ደወሉን የደወለውም ማንም ሳይጠይቀው ነው።

አደባባዩና ማጠቃለያው

ሶንያ የምታዘው ግልጽ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቁም፣ ያረከስካትን ምድር ሳም፣ ለአራቱም ማዕዘን ስገድ፣ ገድያለሁ ብለህ ጩኽ። በድርቆሽ ገበያው መሐል ተንበርክኮ ምድሪቱን በደስታ ይስማታል። ሰዉ ይስቃል፤ አንዱ ጠጥቷል ይላል፣ ሌላው ኢየሩሳሌም ሊሄድ ነው ይላል። «ገድያለሁ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ይቀራል። እጁና ጉልበቱ ታዘዙ፣ ምላሱ አልታዘዘም። ጣቢያም ገብቶ ሳይናገር ይወጣል፤ ጊቢው ውስጥ የቆመችውን ሶንያን ሲያይ ነው የሚመለሰው። በእኛ ባህል ኑዛዜ ከጸጸት ቀጥሎ ስለሚመጣ፣ ተናዘዘ ማለት ተጸጸተ ማለት ይመስለናል። እዚህ ኑዛዜው ቀድሞ ጸጸቱ ቀርቷል።

የተፈረደበት ስምንት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። ሳይቤሪያ ከደረሰ በኋላም ኅሊናዬ ጸጥ ብሏል ይላል፤ የሚያፍረው በከንቱ በመውደቁና እጁን በመስጠቱ ነው። እስረኞቹ ይጠሉታል፤ በጾም ወቅት እግዚአብሔር የለህም ብለው ሊገድሉት ይነሱበታል። ሶንያን ግን ይወዷታል። ዶስቶየቭስኪ ይህን ከሩቅ አልጻፈውም፤ በ1849 ተይዞ የሞት ፍርድ ከተነበበበት በኋላ አራት ዓመት በኦምስክ እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ታስሯል።

ማጠቃለያው ብዙ ይተቻል፤ ለውጡ ድንገተኛ ነው፣ የተለጠፈ ነው ይባላል። ትችቱ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም በሽታ ላይ ሆኖ ያየውን ሕልም ሳይዘሉ ማንበብ ያስፈልጋል። ከእስያ የተነሣ ተላላፊ በሽታ ዓለምን ይይዛል፤ የተያዘ ሁሉ እውነትን የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ሰው እርስ በርሱ ይተላለቃል። የራሱ ንድፈ ሐሳብ ሁሉም ሰው ላይ ሲሠራ ማየቱ ነው። በወንዙ ዳር የሶንያ እግር ሥር የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔም ወንጌሉን ትራሱ ሥር አኖረው እንጂ አልከፈተውም።

ሁሉንም ደግሞ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው፣ በተለይ ለውይይት የሚዘጋጅ፣ እነዚህን ምዕራፎች ቢመርጥ ይበቃዋል፦ ከመጀመሪያው ክፍል 4ኛውን፣ 5ኛውንና 6ኛውን፤ ከሁለተኛው 2ኛውንና 7ኛውን፤ ከሦስተኛው 5ኛውንና 6ኛውን፤ ከአራተኛው 4ኛውን፤ ከአምስተኛው 4ኛውን፤ ከስድስተኛው 7ኛውንና 8ኛውን፤ ማጠቃለያውን በሙሉ። የስድስተኛውን 7ኛ ምዕራፍና የማጠቃለያውን ሁለተኛ ምዕራፍ በአንድ መቀመጫ አከታትላችሁ አንብቡ። በመካከላቸው አንድ ሳምንት ካለፈ፣ ከእህቱ ጋር ሲከራከር ያለውን እንዳለ ይዞ ሳይቤሪያ መድረሱ ያመልጣችኋል።